ጉልላት ፀሐይ አልሞቅ አለ

ተረት ተረት ስል የላም በረት አትበሉኝ፤ በረቱ ከፈረሰ ቆይቷል፣ ላሟም ተሸጣለች። ይልቅ አግዳሚው ላይ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። አግዳሚው ቢነቃነቅባችሁ አትደንግጡ፣ እሱም ተረቱ ውስጥ አለበት።

ጨፌ በር በምትባል ትንሽ የደጋ ከተማ ጉልላት የሚባል አናጢ ነበር። የጨፌ በር ሰው የሚተኛበት አልጋ፣ የሚዘጋው በር፣ ለቅሶ የሚቀመጥበት አግዳሚ፣ ሁሉም ከጉልላት እጅ የወጣ ነው። ሚስቱ ዘነቡ ትባላለች። ልጅ የላቸውም፤ ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ይህን ልብ በሉ፣ በኋላ ይጠቅማችኋል።

አንድ ክረምት ጉልላት ሥራ ተወ። ቀጥሎ ጨዋታ ተወ። ቀጥሎ ምግብ ቀነሰ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። ክረምቱ ወጣ፣ መስከረም ጠባ፣ ጉልላት ግን ፊቱን ከግድግዳው አልመለሰም። አንድ ቀን መጋዙን ለአንዱ፣ መላጊያውን ለሌላው ሰጠ። «ውሰዱት፣ ከእንግዲህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል» አለ። ሰዎቹ አመስግነው ወሰዱ። የደነገጠችው ዘነቡ ብቻ ናት፤ አናጢ መጋዙን ሲሰጥ ምን እያሰበ እንደሆነ ገብቷታል። በጨፌ በር ሰው ሲሞት የእድሩ ለፋፊ ጥሩምባ ይነፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘነቡ ጥሩምባ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ጥላ ወደ ጉልላት ትሮጣለች። አንድ ቀን የእኔን ቤት ይጠራል ብላ ፈራች።

ስለዚህ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገች። ጉልላት እንደ ድሮው ይሥራ አላለችም። ይሳቅም አላለችም። ከቤት ወጥቶ በሩ ላይ ፀሐይ ይሙቅ፣ ሌላው ቀርቶባት ነበር።

«ጉልዬ፣ ና ፀሐይ ሙቅ» አለችው።

ጉልላት ለግድግዳው መለሰ። «ብቻዬን አልወጣም።»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

«አንቺማ እኔው ነሽ። ሰው ካለ እወጣለሁ፤ ሰው ከሌለ አልወጣም።»

ብዙ ቀን ተናግሮ የማያውቀው ሰው ይህን ያህል ሲናገር ዘነቡ ደስ አላት። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሰው ፍለጋ ወጣች። ጉልላት ፀሐይ አልሞቅ አለ።

ጎረቤታቸው ጋሽ እርገጤ አጥሩን ይጠግን ነበር። እርገጤ ሁልጊዜ አጥር እንደጠገነ ነው፤ በሰፈሩ እንደ እሱ ረጅም አጥር ያለው የለም።

«ጋሽ እርገጤ፣ መጥተህ ከጉልላት ጋር ትንሽ ብትቀመጥልኝ? ሰው ካለ እወጣለሁ ብሏል።»

እርገጤ እንጨቱን እንደያዘ አሰበ። «ምን ተብሎ ይገባል ዘነቡ? ለቅሶ አይደል እንዳለቅስ። አራስ ቤት አይደል ገንፎ እንድበላ። ትኩሳት አይደል እግዜር ይማርህ ብዬ እንድወጣ። ግድግዳ ለሚያይ ሰው ምን ይባላል?»

«ምንም አይባል። ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

«ዝም ብሎ መቀመጥማ ያስፈራል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ይጋባል ይላሉ። ሲስተር መጥታ አይጋባም ትበለኝና እቀመጣለሁ።»

ዘነቡ ወደ ሲስተር ሄደች። እርገጤ ከጉልላት ጋር አልቀመጥ አለ፤ ጉልላት ፀሐይ አልሞቅ አለ።

ሲስተር ስመኝ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ዘነቡ በር ላይ ቆማ አገኘቻት። የቆመችው መቀመጫ ስለሌለ ነው። ትልቁ ክፍል በአጎበር ተሞልቷል፤ ጨፌ በር ብርድ እንጂ ወባ አያውቅም፣ አጎበሩ ግን በየዓመቱ ይመጣል።

«ይሄ ድባቴ ነው» አለች ሲስተር ስመኝ፣ ሁሉን ሰምታ ስታበቃ። «ሕመም ነው፣ ይታከማል። አይጋባም።»

«እንግዲያው ነይና ለእርገጤ ንገሪልኝ።»

«ለእርገጤ ብቻ ብነግረው ለሚስቱ ይነግራታል፣ ሚስቱ ደግሞ ሲስተር እብድ ትወዳለች ትላለች። ጉልላትን እንደሆነ መጥቼ አይቼው የለ? ለጀርባው ስንት ሰዓት አወራሁለት። ብቻዬን ከግድግዳ ጋር መወዳደር አልችልም። ሰፈሩ አንድ ላይ ተቀምጦ መስማት አለበት፤ ለዚህ ሠልጥኛለሁ።»

«አስተምሪያ!»

«ምን ላይ ላስቀምጣቸው? ባለፈው አቁሜ ላስተምር ሞከርኩ። የቆመ ሰው የሚሰማው ለመሄድ ነው። ግማሹ ስለ ክትባት መስሎት ልጁን ሊያመጣ ሄደ። አግዳሚ አምጪልኝና ዛሬውኑ አስተምራለሁ።»

ዘነቡ አግዳሚ ፍለጋ ሄደች። ሲስተር ስመኝ ሰፈሩን አላስተምር አለች፤ እርገጤ ከጉልላት ጋር አልቀመጥ አለ፤ ጉልላት ፀሐይ አልሞቅ አለ።

በጨፌ በር ብዙ አግዳሚ ያለው እድሩ ነው። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚው፣ ሁሉም በእድሩ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ የእድሩ ዳኛ የጋሽ ወንዳፍራሽ አንገት ላይ ነው። ጋሽ ወንዳፍራሽ ደግ ሰው ናቸው። ዘነቡን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«አግዳሚውን የሠራው እኮ እሱ ነው» አለቻቸው።

«መች ጠፋኝ ልጄ። አጥብቆ ነው የሠራው። ይህን ሁሉ ለቅሶ ችሎ እስከ ዛሬ አንዱ ብቻ ነው እግሩ የተነቃነቀ።»

«እንግዲያው ለአንድ ቀን ያውጡልኝ።»

«የእድር ዕቃ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል።»

«እስኪሞት ልጠብቅ?»

የጋሽ ወንዳፍራሽ ዓይን እንባ አቀረረ። «እኔ እንዲህ አልወጣኝም። ደንቡ ነው እንጂ። ቀበሌው ደንባችሁን አሻሽሉ ብሎ ቢያዘኝ ጉባኤ ጠርቼ አሻሽላለሁ። በራሴ ግን እንዴት አድርጌ?»

ዘነቡ ወደ ቀበሌ ሄደች። ጋሽ ወንዳፍራሽ አግዳሚውን አላወጣ አሉ፤ ሲስተር ስመኝ ሰፈሩን አላስተምር አለች፤ እርገጤ ከጉልላት ጋር አልቀመጥ አለ፤ ጉልላት ፀሐይ አልሞቅ አለ።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ መልካሙ ይባላል። የዘነቡን ነገር ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ፤ የመታው በደስታ ነው።

«ፖሊሲው እኮ ወጥቷል! የአእምሮ ጤና ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ሰፈር ይውረድ ይላል። ስብሰባ ላይ ሲነበብልን አጨብጭበናል።»

«ታዲያ ወረደ?»

«ወርዷል። ግን ወረዳ ላይ ደርሶ አርፏል። እድር ደግሞ የሕዝብ ነው ወይዘሮ ዘነቡ። እኔ ከመሬት ተነስቼ አግዳሚ አውጡ ብል ቀበሌው እድር ሊወርስ ነው ይሉኛል፤ በዚህ ይጠረጥሩናል፣ አይፈረድባቸውም። የወረዳው ባለሙያ ይጻፍልኝና አዛለሁ።»

ዘነቡ ወደ ወረዳ ዳገቱን ተያያዘችው። አቶ መልካሙ እድሩን አላዝ አለ፤ ጋሽ ወንዳፍራሽ አግዳሚውን አላወጣ አሉ፤ ሲስተር ስመኝ ሰፈሩን አላስተምር አለች፤ እርገጤ ከጉልላት ጋር አልቀመጥ አለ፤ ጉልላት ፀሐይ አልሞቅ አለ።

የወረዳው ባለሙያ አቶ ዘርይሁን የዘነቡን ነገር አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠ። ወንበር ሰጣት። ውሃ አስመጣላት። ከጧት ጀምሮ ወንበር የሰጣት እሱ ብቻ ስለሆነ ዘነቡ ተስፋ አደረገች።

«እኔ እኮ እርስዎን ነበር የምጠብቀው» አላት። «ፕሮጀክቱ ሙሉ ለሙሉ ዝግጁ ነው። አግዳሚ አለበት፣ ትምህርት አለበት፣ የጎረቤት ድጋፍ አለበት። የቀረው መጀመሩ ነው።»

«ይጀመራ ልጄ!»

«የሚጀመረው አንድ ታማሚ ከቤቱ ወጥቶ በዓይናችን ስናይ ነው። አለበለዚያ በጨፌ በር የአእምሮ ሕመም የለም ተብሎ ነው የሚወሰደው። እኔ ግን ሰው አላስቸግርም፣ አንድ ይበቃኛል። ባለቤትዎ ለአፍታ ብቅ ይበልና በሩ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ልየው፤ ያኔውኑ እጽፋለሁ።»

ዘነቡ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እኔ እኮ የመጣሁት ፀሐይ እንዲሞቅልኝ ነው።»

«በጣም ጥሩ» አለ ዘርይሁን። «እንግዲያው ተግባብተናል ማለት ነው።» ብድግ ብሎም እስከ በሩ ድረስ ሸኛት።

ዘነቡ ዳገቱን ወረደች። ጉልላት ፀሐይ ካልሞቀ ዘርይሁን አልጽፍ አለ፤ ዘርይሁን ካልጻፈ መልካሙ እድሩን አላዝ አለ፤ መልካሙ ካላዘዘ ጋሽ ወንዳፍራሽ አግዳሚውን አላወጣ አሉ፤ አግዳሚው ካልወጣ ሲስተር ስመኝ ሰፈሩን አላስተምር አለች፤ ሲስተር ካላስተማረች እርገጤ ከጉልላት ጋር አልቀመጥ አለ፤ እርገጤ ካልተቀመጠ ጉልላት ፀሐይ አልሞቅ አለ፤ ጉልላት ፀሐይ ካልሞቀ ዘርይሁን አልጽፍ አለ፤ ዘርይሁን ካልጻፈ… ተዉኝ፣ በዚሁ ከቀጠልኩ ማቆሚያ የለኝም። ግን አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ከእነዚህ ሰዎች ውስጥ አንድም ክፉ የለም። ክፉ ቢገኝማ ሰድበነው ይወጣልን ነበር።

ዘነቡ እድሩ ዕቃ ቤት ጋ ስትደርስ ደከማት። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። የተቆለፈውን በር አየችው፤ እሱም የጉልላት ሥራ ነው። ያን ጊዜ ከጧት ጀምሮ ይዛው የዞረችው ልቅሶ አመለጣት። ራሷን ጉልበቷ ላይ ደፍታ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

በዚያው ሰዓት ባሻ ድንበሩ በዚያ አለፈ። ባሻ ድንበሩ የእድሩ ለፋፊ ነው፤ ጥሩምባው ከብብቱ አይለይም። በሕይወቱ ሙሉ እድሩ በር ላይ ቁጭ ብላ ያለቀሰች ሴት አይቶ ያውቃል፤ ሰው ሳይሞትባት ያለቀሰች ግን አንድም አላየም። የአናጢው የጉልላት ሚስት መሆኗንም ያውቃል። ማን ሞተብሽ ብሎ አልጠየቃትም። የምታለቅስን ሴት ማን ሞተብሽ ብሎ መጠየቅ በጨፌ በር ነውር ነው።

«እግዜር ያጥናሽ» አላት።

ከጧት ጀምሮ እንዲህ ያላት ሰው ስላልነበረ ዘነቡ ይበልጥ አለቀሰች። ባሻ ድንበሩ የቀረችውን ትንሽ ጥርጣሬ እዚያው ጥሎ ሄደ።

ጥቂት ቆይቶ ጥሩምባው ተነፋ።

«እድርተኛ ሁሉ! የአናጢው የጉልላት ቤት! ድንኳን ወደ ጉልላት ቤት!»

ዘነቡ ቀና አለች። ለቅሶዋ ቀጥ አለ። ባሻ ድንበሩ ተሳስቶ አያውቅም። ጧት ብቻውን ትታው ነው የወጣችው። አግዳሚ ስፈልግ፣ ደብዳቤ ስፈልግ፣ ዳገት ስወጣ፣ እሱ ብቻውን ነበር አለች በልቧ። ልትነሳ መሬቱን ተደገፈች።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ቁልፉን ከአንገታቸው እያወለቁ በሩጫ ደረሱ። የሰፈሩ ወንዶች ተከትለዋቸዋል። በሩ ከዘነቡ ጀርባ ተከፈተ፤ ጧት ስትለምን ያልወጣው አግዳሚ በራሷ ላይ አልፎ ወጣ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ጎንበስ ብለው ግንባሯን ሳሙ። «አይዞሽ ልጄ። አንድም ሳይቀር ይወጣልሻል» አሏት።

ሴቶችም መጡ። ዘነቡ መሮጥ ፈለገች፤ ሴቶቹ ግራና ቀኝ ያዟት። ባል የሞተባትን ሴት ማስሮጥ ደግ አይደለም፤ ቀስ አድርገው፣ እያረፉ፣ በወጉ ወሰዷት።

የቀረው ሰው ግን ሮጠ። ዘርይሁን ቢሮውን ዘግቶ ዳገቱን በሩጫ ወረደ፤ እሱም እድርተኛ ነው። መልካሙ ስብሰባ በትኖ ሮጠ። ጋሽ ወንዳፍራሽ የድንኳኑን ምሰሶ ተሸክመው ሮጡ። ሲስተር ስመኝ ጋዋኗን ሳታወልቅ ሮጠች። እርገጤ በአጥሩ ሾልኮ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ጉልላት በሕይወት እያለ ንቅንቅ ያላለ ሁሉ ለሬሳው ነፍሱን አያውቅም።

ጉልላት ግድግዳውን እያየ ነበር። ጥሩምባውን ሰማ። የራሱን ቤት ሲጠራ ሰማ። ለረጅም ጊዜ ስለ ምንም ነገር በወጉ አስቦ አያውቅም፤ አሁን ግን ማሰብ ግድ ሆነበት። በዚህ ቤት ያለነው ሁለት ነን፣ አለ። እኔ አልሞትኩም። ለማረጋገጥ ትንፋሹን ያዝ አድርጎ ለቀቀው። እንዳልሞተ ተማመነ።

እንግዲያው የሞተችው ዘነቡ ናት።

ጉልላት ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። ተነሳ። ግድግዳውን እየተደገፈ ሄደ። በሩን ከፍቶ ወጣ።

ውጭ ድንኳኑ ሊቆም ምንም አልቀረው። እርገጤ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ «ወንድሜን! ጎረቤቴን!» እያለ ያለቅሳል። ጉልላት አጠገቡ ተቀመጠና እሱም አለቀሰ። እርገጤ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ጠጋ አለለት። ትንሽ አብረው ካለቀሱ በኋላ እርገጤ ጋቢውን ገለጥ አደረገ።

«ጉልላት?»

«አቤት።»

«አልሞትክም እንዴ?»

«እኔ አይደለሁም። ዘነቡ ናት።»

እርገጤ ይህን ለቀጣዩ ሰው ነገረ፣ ቀጣዩ ለሌላው ነገረ፣ ለቅሶው እንደ አዲስ ተጀመረ። ለጉልላት ያለቀሰ ሁሉ ሳይሰስት ለዘነቡም አለቀሰ። ጥሩ ሴት ነበረች ተባለ። ዛሬ ጧት እኮ እቤቴ መጥታ ነበር አለ እርገጤ። ቢሮዬ መጥታ ነበር አለ ዘርይሁን፣ ውሃ እንኳን አልጨረሰችም። ዛሬ አንዲት ነገር ለምናኝ ነበር አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ እምቢ አልኳት። መልካሙም ሲስተር ስመኝም መሬት መሬቱን አዩ።

በዚህ መሀል ሴቶቹ ዘነቡን ደግፈው ድንኳኑ በር ላይ ደረሱ።

ለቅሶው ቆመ። ጉልላት አለ። ዘነቡም አለች። የሞተ ጠፋ። ሰው ሁሉ ዞሮ ባሻ ድንበሩን አየ።

«እያለቀሰች ነበር» አለ ባሻ ድንበሩ።

ዘነቡ ማንንም አልሰማችም። ጉልላትን ታያለች። ጉልላት ባዶ እግሩን አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ በእንባ ርሷል፣ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። ሴቶቹ ለቀቋት።

«ሞተሻል አሉኝ» አላት።

«አንተም ሞተሃል አሉኝ» አለችው።

«ወጣሁ» አላት፣ እንደ ጥፋተኛ።

ዘነቡ እግሩ ሥር ቁጭ አለችና ጉልበቱን አቀፈችው። በሕይወት ያለ ሰው ጉልበት መሆኑን ለማረጋገጥ አጥብቃ አቀፈችው።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ እንግዲያው እዚያ ደጃፍ ላይ ለምን ነበር የምታለቅሺው?»

«ለዚህ ነበር» አለች ዘነቡ። «ጥሩምባ ሳይነፋ ሰው እንዲመጣልኝ ነበር።»

አንድ ሰው ድንኳኑ ይነሳ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ቆጣ አሉ።

«የተተከለ ድንኳን ሣልስት ሳይወጣ አይነሳም!»

«የሞተ የለም እኮ ጋሼ።»

«ደንቡ ስለ ድንኳን ነው የሚለው። የሞተ ይኑር አይኑር አይልም። ተቀመጡ።»

ሰው ሁሉ ተቀመጠ። ንፍሮ መጣ። ሲስተር ስመኝ ዞር ብላ ስታይ ጨፌ በር በሙሉ አንድ ላይ፣ አግዳሚ ላይ፣ አፉን በንፍሮ ሞልቶ፣ ለሦስት ቀን መሄጃ አጥቶ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ነገር ሥልጠናውም ላይ አልነገሯትም። ቆመችና አስተማረች። ድባቴ ምን እንደሆነ ነገረቻቸው፤ እንደማይጋባ፣ መድኃኒት እንዳለው፣ ቶሎ እንደማይለቅ፣ ሰው አጠገብ መቀመጥ ራሱ የሕክምናው ግማሽ እንደሆነ። ታማሚው ዕቃውን ለሰው ሲያድል አመስግኖ መቀበል እንደማይገባም ነገረቻቸው። እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች አቀረቀሩ። በማግስቱ መጋዙና መላጊያው ዘነቡ እጅ ገቡ። ዘነቡ ሲስተርን አማከረቻትና ወደ ቤት አላስገባቻቸውም፤ ጋሽ ወንዳፍራሽ ዘንድ ይቆዩልኝ አለች።

በሁለተኛው ቀን ሲስተር ስመኝ ጉልላት አጠገብ ተቀመጠች። በዚህኛው ጊዜ ያወራችው ለፊቱ ነው። ጥቂት መለሰላት። መድኃኒት አስጀመረችው፣ ለውጡ ሳምንታት እንደሚፈጅም ለሁለቱም ነገረቻቸው። አግዳሚው ስለሚነቃነቅ ጉልላት ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር ጠጠር ሸጎጠለት። ከዚያ ደክሞት ሰዓታት ሙሉ ምንም አልተናገረም። ማንም አላስገደደውም፤ ለቅሶ ቤት ዝም ማለት የታወቀ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ነገሩ ሁሉ ተፈታ። ዘርይሁን ታማሚ ከቤቱ ወጥቶ በዓይኑ ስላየ ጻፈ፤ ዘርይሁን ስለጻፈ መልካሙ አዘዘ፤ መልካሙ ስላዘዘ ጋሽ ወንዳፍራሽ እዚያው ድንኳን ውስጥ ጉባኤ ጠርተው አግዳሚው በሕይወት ላለ ሰውም እንዲወጣ ደንቡን አሻሻሉ። አግዳሚው ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር የወጣው እንዲወጣ ተፈቀደለት፤ ሲስተር ስመኝ ቀድማ ስላስተማረች እንድታስተምር ተወሰነ። በሪፖርቱ ላይ ሁሉም ነገር በፖሊሲው መሠረት በቅደም ተከተል ተተገበረ ተባለ። ሁሉም አጨበጨበ። አንድ ክርክር ብቻ ቀረ፤ ባሻ ድንበሩ ለቁም ሰው ሁለተኛ ጥሩምባ አልነፋም አለ። በባዶ ድምፁ እንዲጠራ ተስማሙ፦ «አግዳሚ ወደ እገሌ ቤት! ሰውየው አለ!»

ከዚያ ድንኳኑን ሊያነሱ ተነሱ።

ዘነቡ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሦስቱን ቀን ሙሉ ድንኳኑን እያየች የፈራችው ይህን ሰዓት ነው። ድንኳኑ ጥላ ነው፤ ሰው የሞላበት ጥላ። ሲነሳ ሰው ይሄዳል፤ ሰው ሲሄድ ጉልላት ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ካስማው ተነቀለ፣ ሸራው ተጠቀለለ፣ ሰዎች ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን እያራገፉ ተሰናበቱ። አግዳሚዎቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ጉልላት የተቀመጠበትን ሊያነሱ ሲመጡ ጋሽ ወንዳፍራሽ በእጃቸው ከለከሉ፤ ደንቡ ይፈቅዳል።

እርገጤም አልተነሳም።

«አጥርህስ?» አለው ጉልላት።

«ይቆያል።» እርገጤ ወደ አጥሩ ሳያይ፣ ጉልላትንም ሳያይ ተናገረ። «እህቴ ጓዳ ናት። እንዳንተ ግድግዳ ስታይ ስንት ዓመቷ። እሷም ድሮ ፀሐይ ትወድ ነበር።»

ዘነቡ ያን ሁሉ ዓመት ጎረቤታቸው ስትሆን ይህን አታውቅም ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። ያ ሁሉ አጥር ለዚህ ነበር።

ጉልላት አግዳሚውን በመዳፉ ዳሰሰው። «ይሄን ስሠራው አራት ሰው እንዲይዝ አድርጌ ነው» አለ።

እርገጤ ተነስቶ በአጥሩ ሾልኮ ገባ። ሲመለስ እህቱን እጇን ይዟት ነበር። ዓይኗን ከብርሃኑ በእጇ ከልላለች። ጉልላት ጠጋ አለላት፣ ተቀመጠች፣ እርገጤም ከጎኗ ተቀመጠ። ቦታ ስለተረፈ ዘነቡም ሄዳ ከጫፉ ተቀመጠች።

እርገጤ ከጉልላት ጋር ተቀመጠ። ጉልላት ፀሐይ ሞቀ።

ተረቴ ይኸው ነው። መልሱልኝ አልልም፣ አፌንም በዳቦ አታብሱልኝ፤ ከዚያ ድንኳን የያዝኩት ንፍሮ ገና አላለቀም።